ከሰፈር የተገኘው ጠጉራም ጥንዚዛ

አንባቢዬ፥ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መሥሪያ ቤት በሚሄዱበት መንገድ ዳር፥ በቅጠል ላይ የወፍ ኩስ ቢያዩ ምን ያደርጋሉ? ምንም አያደርጉም። እኔም ብሆን ልብሴን እንዳይነካኝ ፈንጠር ብዬ አልፋለሁ እንጂ ጎንበስ ብዬ የምመረምርበት ምክንያት የለኝም። ዛሬ የማጫውትዎ ግን ጎንበስ ብሎ ስለ ተመለከተ አንድ ተማሪ፥ እርሱም በመጎንበሱ ምክንያት ስም ስላገኘ አንድ ትንሽ ፍጡር ነው።

ነገሩ የሆነው በአውስትራልያ ነው። ኩዊንስላንድ ከሚባለው ግዛት በስተ ደቡብ ጫፍ፥ ከብሪዝቤን ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ላሚንግተን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ተራራማ አገር ነው፤ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፥ ዝናም የሚበዛበት፥ ዛፎቹም ከጥንት ዘመን ጀምሮ የኖሩ ዘሮች ናቸው። ስፍራው በ1915 ተከልሎ ፓርክ ሆነ፤ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ደን ጥግ ቢና ቡራ የተባለ የእንግዶች ማረፊያ በ1933 ተቋቋመ። አጠገቡም ድንኳን የሚተከልበት ሰፈር አለ። ደን ለማየት የሚወዱ ሰዎች፥ ወፍ የሚያጠኑ፥ ቢራቢሮ የሚያሳድዱ፥ ሥዕል የሚያነሡ ሁሉ ለብዙ ዓመታት ወደዚያ ሲመላለሱ ኖረዋል። እንግዲህ ማንም ያልረገጠው ዱር እንዳይመስልዎ። ሰው የሚበዛበት፥ ሻይ የሚፈላበት፥ ልጆች የሚሯሯጡበት ስፍራ ነው።

በዲሴምበር 2021 ጄምስ ትዊድ የሚባል፥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ማዕርግ የሚማር ወጣት በዚህ ሰፈር ድንኳኑን ተክሎ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ሲዘዋወር፥ ሎማንድራ በሚባለው እንደ ሣር ረጅም ቅጠል ባለው ተክል ላይ አንድ ነጭ ነገር ዓይኑን ሳበው። መጀመሪያ የወፍ ኩስ መስሎት ነበር። ነገር ግን ነፍሳትን የሚያጠና ሰው ዓይኑ ቶሎ አያልፍምና ቀረብ ብሎ ቢያይ፥ ኩስ የተባለው እግር አለው፤ ቀንድም አለው። ርዝመቱ 9.7 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ከአንድ የሽምብራ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጥንዚዛ ነበር። መልኩ ቀይና ጥቁር ሆኖ፥ ከራሱ እስከ ጀርባው ድረስ ቀጥ ብሎ በቆመ ረጅም ነጭ ጠጉር ተሸፍኗል። ሽማግሌ ጥንዚዛ ቢባል ያስኬዳል።

ትዊድ ብዙ ጥንዚዛ አይቷል። እንዲህ ያለውን ግን አላየም።

ታሪኩን ከመቀጠሌ በፊት የዚህን ጥንዚዛ ቤተ ሰብ ላስተዋውቅዎ። ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ የሚባሉት ሁሉ አንድ ትልቅ ቤተ ሰብ ናቸው፤ በሊቃውንት ቋንቋ ሴራምቢሲዴ ይባላሉ። ቀንድ የምንለውም እንደ በሬ ቀንድ የሚዋጉበት አይደለም፤ የሚዳስሱበትና የሚያሸቱበት ክር መሳይ ብልት ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ይህ ክር ከገላቸው እኩል ወይም ከገላቸው የሚበልጥ ነው። አንዳንዱ ወንድ ጥንዚዛ የገላውን ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ቀንድ ተሸክሞ ሲበር ማየት፥ ረጅም መቃ ይዞ በጠባብ ደጃፍ ለመግባት የሚታገል ሰው ያስታውሳል። እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው ከ35 ሺህ በላይ ዝርያዎች ናቸው። ከመካከላቸው ታላቁ በደቡብ አሜሪካ ደን የሚኖረው ታይታን የሚባለው ነው፤ ርዝመቱ እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በእጅ መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት ጣቶችዎን አልፎ ሊወጣ ይችላል።

የቤተ ሰቡ ስም የተወሰደው ከጥንት የግሪኮች ተረት ነው። ሴራምቦስ የሚባል እረኛ ነበር፤ ዜማ የሚያውቅ፥ ሙዚቃ መሣሪያ የሚመታ ሰው ነው። በትዕቢቱ የተነሣ የተራራውን ጨቅ አማልክት ሰደበ። ብርድ ሊመጣ ነውና ከተራራው ውረድ ብለው ቢመክሩትም አልሰማም። በረዶው ወርዶ መንጋውን ፈጀበት፤ የተሰደቡትም እርሱን እንጨት የሚበላ ባለ ቀንድ ጥንዚዛ አድርገው ለወጡት ይባላል። የጥንዚዛው ራስ ከነሁለት ቀንዱ ሲታይ የክራር ክንዶች ስለሚመስል ይሆናል ተረቱ በዘፋኝ ላይ የተነገረው። ሊቃውንቱ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲወዱ ደስ ይለኛል። ሰው ሁሉ ደረቅ ናቸው ይላቸዋል።

እንጨት የሚበላ የሚለው ግን ተረት አይደለም፤ እውነት ነው። እናቲቱ እንቁላልዋን በዛፍ ልጥ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ነጭ እጭ በጠንካራ መንጋጋው እየፈለፈለ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያም በጨለማው ዋሻው ውስጥ አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት፥ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ እንጨት ሲበላ ይኖራል። በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ ከዛፉ ሲወጣ፥ ለብዙዎቹ የቀረችው ዕድሜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናት። እኛ ጥንዚዛ ብለን የምናየው እንግዲህ የዕድሜውን የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ከመካከላቸው በቁም ያለውን ዛፍና የቤት ማገር የሚያጠፉ አሉ። የሚበዙት ግን የሞተውንና የሚሞተውን እንጨት እየፈጩ ወደ አፈርነት የሚመልሱ፥ ደመወዝ የማይጠይቁ የደን ሠራተኞች ናቸው።

ወደ ትዊድ ልመለስ። ወጣቱ ጥንዚዛውን ይዞ ከሰፈሩ ሲመለስ በእጁ ያለው ነገር አዲስ ለመሆኑ ገና ማረጋገጫ አልነበረውም። «እኔ አላውቀውም» ማለትና «ማንም አያውቀውም» ማለት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የጀማሪ ተመራማሪ ስሕተት የሚጀምረውም ሁለቱን በማደባለቅ ነው። መጻሕፍቱን አገላበጠ፤ የሚመስለው አልተገኘም። ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ነበረበት።

በአውስትራልያ ስለ ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ የሚጠየቁ ሁለት ሊቃውንት አሉ፤ አዳም ሽሊፒንስኪና ኤርሜስ ኤስካሎና ይባላሉ። ሁለቱ ሆነው የአገሪቱን ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች የሚገልጹ ሁለት ታላላቅ ቅጾች በ2013 እና በ2016 አሳትመዋል። የሚሠሩበትም በካንቤራ ከተማ ያለው ብሔራዊ የነፍሳት ስብስብ ከ12 ሚሊዮን በላይ ናሙና የተከማቸበት ቤት ነው። የመጽሐፉ ደራሲዎች አላወቁትም ማለት፥ የሕጉ አርቃቂ «ይህ አንቀጽ በሕጉ ውስጥ የለም» እንደሚለው ያህል ነው። እንደዚያም ሆኖ በቃል ብቻ አይታመንም፤ ከስብስቡ ውስጥ ዘመድ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ አውጥቶ አንድ በአንድ ማስተያየት ይገባል። አስተያዩት። የሚመስለው ዝርያ ቀርቶ የሚጠጋበት ወገን እንኳ አልተገኘለትም።

ይህ ነገር ክብደቱ እንዲታወቅዎ ጥቂት ልግለጽ። እያንዳንዱ ፍጡር በሊቃውንት መዝገብ ውስጥ የሚጠራው በሁለት ስም ነው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፥ ሁለተኛው የዝርያው ነው። ይህን ሥርዓት ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን፥ የእንስሳት ስም ሁሉ የሚቈጠረው እርሱ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። አዲስ ዝርያ ማግኘት በነፍሳት ዓለም ያን ያህል ብርቅ አይደለም፤ በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ አዳዲስ ነፍሳት ይጻፋሉ። ለአንድ ዝርያ ሲባል አዲስ ወገን ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አዲስ ልጅ ተወለደ እንደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ግን እስካሁን ማንም የማያውቀው አንድ ሙሉ ቤት በሰፈራችን ይኖር ኖሯል እንደ ማለት ነው።

አዲስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ሥራ መጻፍ ነው። አንባቢዬ ከመዝገብ ቤት ጋር የተዋወቁ ሰው ከሆኑ፥ ይህን ክፍል ከብዙ ምሁር ይበልጥ ይረዱታል። ጥንዚዛው በማጉያ መሣሪያ ሥር ይቀመጣል። ራሱ፥ ዓይኑ፥ መንጋጋው፥ ደረቱ፥ የክንፉ ሽፋን፥ እግሩ ይለካል፤ ይሣላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀንዱ ስንት አንጓ አለው? የትኛው አንጓ ከየትኛው ይረዝማል? ዓይኑ በቀንዱ ሥር እንዴት ተጠማዝዞ ያልፋል? የእግሩ ጫፍ ሲያዩት አራት አንጓ ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ቤተ ሰብ ዘንድ በሦስተኛው ሥር የተደበቀች አንዲት ትንሽ አንጓ አለችና በእውነቱ አምስት ነው። ጠጉሩ የትኛው ቆሟል፥ የትኛው ተኝቷል? ይህ ሁሉ በቃላት ይጻፋል። አጻጻፉ ውበት የለውም፤ ውበትም አይፈለግበትም። ከ50 ዓመት በኋላ በሌላ አገር ያለ፥ ጥንዚዛውን አይቶት የማያውቅ ሰው አንብቦ «ይኸው እርሱ ነው» ወይም «አይደለም» ለማለት እንዲችል ብቻ ነው የሚጻፈው። እኔ በጋዜጣ ከሚወጣው ብዙ ጽሑፍ ይህን የመሰለ መስፈርት የሚያልፍ ስንት እንደሚገኝ እንጃ።

ነገር ግን ጽሑፍ ብቻ አይበቃም። ቃል ይሳሳታል፤ ሥዕልም ይሳሳታል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነገር ግድ ይላል፤ ስም የተሰጠበት ናሙና ራሱ፥ ተመራማሪ ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ስፍራ መቀመጥ አለበት። መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንድ ሰነድ ግልባጭ ሃያ ሊሆን ይችላል፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ሹሙ «ዋናውን አምጡ» ይላል። ይህም እንደዚሁ ነው። ነገ አንድ ሰው ሌላ ጠጉራም ጥንዚዛ ቢያገኝና «ያው ነው» ቢል፥ ሌላው ደግሞ «አይደለም» ቢል፥ ዳኛው በካንቤራ መሳቢያ ውስጥ ያለው ያ ደረቅ ጥንዚዛ ነው። ከእርሱም ጋር የተገኘበት ስፍራ፥ ቀኑና ያገኘው ሰው ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች። ወረቀቲቱ የጠፋችበት ናሙና ለሊቃውንት ቁጥርና ቀን እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል። «አንድ ብቻ ከሆነ እንዴት ይገደላል? ፎቶግራፉን አንሥቶ ለምን አይለቀውም?» ይሉኛል። ጥያቄው የቅን ልብ ጥያቄ ነውና ቀልድ አላደርገውም። ስለ ትልቅ አጥቢ እንስሳ ወይም ስለ ብርቅ ወፍ ቢሆን ኖሮ እኔም ከጠያቂዎቹ ጋር በቆምኩ ነበር፤ በሊቃውንቱም መካከል በዚህ ነገር ክርክር አለ። ለጥንዚዛ ግን ፎቶግራፍ የእግሩን ስውር አንጓ አያሳይም፤ የመንጋጋውን ጥርስ አይገልጽም። ክንፍ ያወጣ ጥንዚዛ ደግሞ ዕድሜው ባጭሩ የተቆረጠ ነው። ስም ያልወጣለት ፍጡር በጥበቃ ሕግ ውስጥ ለመግባት ይቸግረዋል፤ «ይህን ደን አትቁረጡ፥ በውስጡ እገሌ የሚባል ብርቅ ፍጡር አለ» ለማለት መጀመሪያ እገሌ መባል ያስፈልገዋል። አንዱን ወስዶ ለዝርያው ሁሉ ስም መስጠት ይሻላል ወይስ ሳያውቁ መተው? እኔ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፤ አንባቢዬ ሌላ ሐሳብ ካለዎት ልጣላዎት አልችልም።

ስሙስ ማን ተባለ? በእኛ አገር ስም ይወጣል ከቤት፥ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ የዚህ ጥንዚዛ ስም ግን የወጣው ከድንኳን ነው። ኤክስካስትራ አልቦፒሎሳ ተባለ። በላቲን ቋንቋ ኤክስካስትራ ማለት «ከሰፈሩ» እንደ ማለት ሲሆን፥ አልቦፒሎሳ ደግሞ «ነጭ ጠጉራም» ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ላይ ሲነበብ ከሰፈር የተገኘ ነጭ ጠጉራም ይሆናል። ትዊድ በራሱ ስም ሊጠራው አልፈለገም፤ ልማዱም አይፈቅድም፤ ሰው ላገኘው ፍጡር የራሱን ስም ማውጣት በሊቃውንቱ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ስሙን ከነዝርዝሩ የያዘው የትዊድና የባልደረቦቹ ጽሑፍ በማርች 2024 በአውስትራልያ የታክሶኖሚ መጽሔት ላይ ወጣ። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ትነሣለች፤ ለዚህ የሽምብራ ፍሬ ለሚያህል ፍጡር ግን ስም ለማውጣት ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ።

ያ ሁሉ ነጭ ጠጉር ለምን ይጠቅመዋል? ሊቃውንቱ ያቀረቡት ግምት እንዲህ ነው። በእርጥብ ደን ውስጥ ነፍሳትን የሚገድል የሻጋታ ዓይነት አለ። ሻጋታው በነፍሳቱ ገላ ውስጥ ያድግና ከገደለው በኋላ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ክር ወደ ውጭ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ሬሳ ወፍ አይቶ ያልፈዋል። ይህ ጥንዚዛ እንግዲህ በሕይወት ሳለ የሞተና የሻገተ መስሎ በመታየት ከወፍ አፍ ይድናል የሚል ነው። ግምት ነው እንጂ ገና አልተፈተነም። ለመፈተን ቢያንስ ሁለተኛ ጥንዚዛ ያስፈልጋል። የሆነ ሆኖ ሰውንም ለጊዜው ማታለሉ አልቀረም።

አሁን ደግሞ ተግባራዊ ሰው የሆነ አንባቢ «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ጠብቄ ነበር፤ መልሱም ያለው በጓሮዎ ነው። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ሳለ መጥቶ ከተማይቱን ከመፍለስ እንዳዳናት የታወቀ ነው። ወደ አሜሪካ ካሊፎርንያም እንዲሁ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፥ ለመቶ ዓመት በላይ የአገሩ ጠላቶች ሳይከተሉት በምቾት አደገ። ነገር ግን በ1984 አንድ የአውስትራልያ ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ በዚያ ተገኘ። ወገኑ ፎራካንታ ይባላል። እጩ በልጡ ሥር ዙሪያውን እየፈለፈለ የተጠማውን ዛፍ ይገድላል፤ ውኃ በደንብ የጠጣ ዛፍ ግን ልጡ እርጥብ ስለሆነ እጩን ያጠፋዋል። የድርቅ ዓመታት ሲመጡ ባሕር ዛፎቹ በብዛት ይሞቱ ጀመር።

የካሊፎርንያ ተመራማሪዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ወደ ጥንዚዛው አገር ሄደው የጥንዚዛውን ጠላት ፈለጉ። ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ተርብ ናት፤ የራስዋን እንቁላል በጥንዚዛው እንቁላል ውስጥ ትጥላለች፤ ከውስጥ የሚፈለፈለውም የእርስዋ ልጅ እንጂ የጥንዚዛው አይሆንም። ይህችን ተርብ አምጥተው ለቀቁ፤ ጥንዚዛውም እየቀነሰ ሄደ። ሁሉም ደስ አለው። በ1995 ግን ሌላ ጥንዚዛ ተገኘ። ከመጀመሪያው ጋር እጅግ የሚመሳሰል፥ ወገኑም አንድ የሆነ ነው፤ ልዩነቱ የክንፉ ሽፋን ገረጣ ማለቱና በቀንዱ ሥር ወርቅማ ጠጉር ማብቀሉ ነው። ጠጉሩን ልብ ያላለ ሰው «ያው የድሮው ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ነገር ግን የሁለተኛው እንቁላል የተርብዋን እንቁላል ከብቦ ይገድለዋል። መድኃኒቱ በአንዱ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ ሳይሠራ ቀረ፤ የመጀመሪያው ጥንዚዛ በጠፋበት ስፍራም ሁለተኛው ገባበት። በአንድ ዛፍ ላይ ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ጥንዚዛዎችን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ባይኖር ኖሮ፥ ሰዎቹ «ተርብዋ ሰነፈች» እያሉ ዓመታት ባባከኑ ነበር። በቀንድ ሥር ያለ ጠጉር ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ኤክስካስትራ አልቦፒሎሳ ጎጂ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማንንም እንደጎዳ የሰማ የለም። እንዲያውም የሚያሳስበው የተገላቢጦሹ ነው።

በሴፕቴምበር 2019፥ ትዊድ በዚያ ሰፈር ድንኳን ከመትከሉ ከሁለት ዓመት በፊት፥ ቢና ቡራ ተቃጥሎ ነበር። በደረቅና ነፋሻ ቀን የተነሣ የሰደድ እሳት ከ80 ዓመት በላይ የቆየውን የእንጨት ማረፊያ ቤት አመድ አደረገው። እሳቱ በተለምዶ የማይቃጠለውን ርጥብ ደን ጭምር በየጫፉ ለበለበው። የሚሞተውን እንጨት የሚበላ ወይም በልዩ ዛፍ ብቻ የሚኖር ነፍሳት በእንዲህ ያለው እሳት ምን ያህል እንደሚጠፋ ማንም ሊቈጥር አይችልም፤ ስም የሌለውን ማን ይቈጥራል? በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ነፍሳት ወደ 1 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ከአውስትራልያም ነፍሳት ስም ያገኙት ሲሶው ያህል ብቻ ናቸው ይባላል። እሳቱ አቅጣጫውን ትንሽ ለወጥ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፥ ይህ ጥንዚዛ ሳይታይና ሳይጠራ ሊቀር ይችል ነበር፤ እኔም ዛሬ ስለ ሌላ ነገር በጻፍሁልዎ ነበር።

ጥንዚዛው ከተገኘ በኋላ ሌላ ተፈልጎ አልተገኘም። በ2024 ጽሑፉ ሲታተም በዓለም የታወቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ እጩም በየትኛው ዛፍ ውስጥ እንደሚያድግ አልታወቀም። ምናልባት ኑሮው ከፍ ባለው የዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ፥ ያ አንዱ በነፋስ ወይም በስሕተት ወደ ታች ወርዶ ይሆናል። ምናልባትም ብዙዎች በየቅጠሉ ላይ ተቀምጠው፥ መንገደኛው ሁሉ ልብሱን ሰብስቦ እያለፋቸው ይሆናል።